ከአሥራ አራት ሺህ በላይ

ቢቸና፣ ጥቅምት ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ብርዱ ሲገባ እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነው። እህቴ ኢናስ ቅባቱን ማታ ማታ ታሽልሻለች ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬስ ቀሎኛል» እያልሽ ትመልሻታለሽ? ሱቁ እንዴት ነው? የመውሊዱ ገበያ ቀናሽ? ጎረቤቱን ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳትለዪ፣ በኔ ስም ሰላም በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያንቺ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ የጎደለኝ የለም፤ እሱም ቢሆን ሞጣ ላይ እንደሚወራው አልጋ ላይ አልጣለኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ካንቺ ጋር ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለም። «እሺ» እስክልሽ ዝም ትያለሽ፤ እሺ ካላልኩሽ ደግሞ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። የሚያመጣልሽም ሙጀሂድ ራሱ ስለሆነ በመንገድ አይጠፋም። አደራሽን፣ አንቺ ጨርሰሽ ሳታነቢው ለማንም አታሳዪ፤ ለወንድምሽም ቢሆን።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ። አልመለስም። ሽማግሌ ተልኮም፣ ታማለች ተብሎም፣ ሰው ምን ይላል ተብሎም አልመለስም። ይህን የምልሽ ተቆጥቼ አይደለም፤ ተረጋግቼ፣ የራሴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ወሬው ተቆራርጦ እንደደረሰሽ አውቃለሁና።

የምሠራበት ክሊኒክ ቢቸና ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንደከፈተ ታውቂያለሽ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባለቤቷ ዶክተር ሰብለ ወንጌል አስጠራችኝና የቢቸናውን ላብራቶሪ በኃላፊነት እንድይዝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ደመወዜ አሥራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነበር፤ አሥራ ስድስት ሺህ ይሆናል አለችኝ። እማዬ፣ ስንት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም ሳይ፣ ስሜ አንድ ወረቀት ላይ ሳይወጣ መኖሬን አንቺ ታውቂያለሽ። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። ለሙጀሂድ ስነግረው ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ደንበኞቹ ሲጠይቁት «ሚስቴ አለቃ ሆነች» አላቸው። «እኔም ቀስ ብዬ ቢቸና ላይ ቤት እፈልጋለሁ፤ ስልክ የማይሰበርበት አገር የለም» ብሎ አሳቀኝ።

ያ ሳቅ እስከ ጁምዓ ቆየ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ምሳ እናንተ ቤት በልቶ መጣ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ነገሩን አስቤበት ነበር» አለኝ። «ደመወዝ ከአሥራ አራት ሺህ ሲያልፍ ግብሩ ሠላሳ አምስት በመቶ ነው። ካሥራ ስድስት ሺህው ላይ ይህን ቢያነሡልሽ የሚቀርሽ አሥር ሺህ አራት መቶ ነው። አሁን ጡረታውን ሳንቆጥር አሥራ አንድ ሺህ ታገኚ የለም ወይ? ኃላፊ ሆነሽ፣ ቤትሽን ለቀሽ፣ ከድሮሽ ያነሰ ልትበዪ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል» አለኝ።

ሙጀሂድን ታውቂዋለሽ። ተረት የሚተርት ሰው አይደለም፤ ባገባሁት ዘመን ሁሉ ከአፉ ተረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያችን ተረት በኛ ቤት ማን እንደሚያዘወትራት አንቺም እኔም እናውቃለን። ያን ዕለት ግን ልብ አላልኩትም። ሒሳቡን በስልኬ መታሁት፤ እንዳለው አሥር ሺህ አራት መቶ መጣ። ማባዛቱ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ሹመቱ ይቅርብኝ የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ።

ማመልከቻውን የተቀበለችኝ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ጸደንያ ናት። አነበበችውና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ኸይራት፣ ቤትሽ ደህና አይደለም?» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ ነገርኳት፤ ግብሩ ይበላዋል፣ ከድሮው ያነሰ ነው እጄ የሚገባው አልኳት። አልሳቀችብኝም። «ይህን ስትይኝ አንቺ ሦስተኛ ሰው ነሽ» አለችኝ፤ «አንዱ ነርስማ ጭማሪ አልፈልግም ብሎ ከዶክተር ጋር ተጣልቶ ነበር። ሠላሳ አምስት በመቶ የሚለውን ቃል ይሰሙታል፤ ከምኑ ላይ እንደሚነሣ ግን አይጠይቁም።»

እማዬ፣ እሷ ያስረዳችኝን እኔ ደግሞ ላንቺ ላስረዳሽ። አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ከኔ ቶሎ ይገባሻል።

መንግሥት ደመወዜን ባንድ ክምር አያየውም፤ ከፋፍሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያዋን ሁለት ሺህ ብር ጭራሽ አይነካትም። ከሁለት ሺህ በላይ እስከ አራት ሺህ ካለችው ከመቶው አሥራ አምስት ይወስዳል። ከዚያ በላይ እስከ ሰባት ሺህ ካለችው ሃያ፣ እስከ አሥር ሺህ ካለችው ሃያ አምስት፣ እስከ አሥራ አራት ሺህ ካለችው ሠላሳ። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ሠላሳ አምስት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚነካውም ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ያለችውን ብር ብቻ ነው፤ ወደ ታች ወርዶ ያለፈችውን ብር አይነካም። የኔ አዲሱ ደመወዝ ያንን መስመር የሚያልፈው በሁለት ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ሠላሳ አምስቱ ከኔ ላይ የሚያገኘው ያችኑ ሁለት ሺህ ነው፤ ከሷም ሰባት መቶ ብር ይወስዳል፤ ሌላው እንደነበረው ነው። ተደምሮ ተቀንሶ፣ ከተጨመረልኝ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብር ውስጥ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባው ለኔ ይቀራል። ጡረታ ትንሽ ይነካዋል፤ እሱ ግን መልሶ የራሴ ነው።

ጸደንያ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ሰው የሚያምታታው ሁለት ነገር ነው አለች። አንደኛው፣ የመጨረሻዋ ብርሽ ከመቶ ስንት ትከፍላለች የሚለው ነው፤ የኔዋ ሠላሳ አምስት ትከፍላለች። ሁለተኛው፣ ጠቅላላ የከፈልሽው ግብር ለጠቅላላ ደመወዝሽ ሲካፈል ከመቶ ስንት ይሆናል የሚለው ነው፤ የኔው ሃያ ሁለት ገደማ ነው። «ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛው ይመስለዋል፤ ከዚያ ሹመቱን ይፈራል» አለችኝ። «ግብሩ ደረጃ የሚያወጣው ለሰው አይደለም፤ ለብሩ ነው። ደመወዝ ተጨምሮለት በግብር ምክንያት ከድሮው ያነሰ የወሰደ ሰው እስካሁን በኔ እጅ አላለፈም።»

ማመልከቻዬን ከፊቷ አንሥቼ ቀደድኩት። ቁርጥራጩንም ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። የተናደድኩት በግብሩ አይደለም፤ ግብሩማ ምን አደረገኝ? ሙጀሂድ ሱቁን ሲያሰፋ «ግብር ይበላሃል» ያለው ሰው አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ባንክ ቤት ሲሾም ድንኳን ሊጣልለት ምንም አልቀረ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን አገሩ ሁሉ የግብር ዐዋቂ ሆነ። ያ ነው ያንገበገበኝ።

ማታ ለሙጀሂድ አንድ በአንድ አስረዳሁት። እሱ እንደሆነ በሒሳብ የሚዋሽ ሰው አይደለም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ራሱ ከላይ እስከ ታች ሠራው፤ እንደገናም ሠራው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ልክ ነሽ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «እንግዲህ እናትሽን ምን ልንላት ነው?» አለ።

«እናቴ በኔ ደመወዝ ግብር ምን አገባት?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ይህን ከኔ አትፈልጊው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። አንቺንም አልጠይቅሽም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመው ሙጀሂድ ነው። ሞጣ ለገበያ ሲወጣ፣ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። «ባሏን ጥላ ለብር ሄደች» የሚሉት ሰዎች ያን ቀን ዓይናቸው የት ነበር? መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ይመጣል፤ እዚህ ለሱቅ የሚሆን ቤት እያየ ነው። ባሌን አልጣልኩም፤ ባሌም አልጣለኝም። የጣልኩት ነገር ቢኖር ያችን ማመልከቻ ነው።

ቢቸናን ወድጃታለሁ። ስመጣ የደም መመርመሪያው ማሽን ተበላሽቶ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ አገኘሁት። «እሱማ ከመጣ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ። ባለሙያ ከባሕር ዳር አስመጥቼ አስነሣሁት። ከዚህ በፊት በሽተኛ ለዚህ ምርመራ ደጀን ድረስ ይሄድ ነበር፤ አሁን እዚሁ ጠብቆ ውጤቱን ይዞ ይገባል። በውጤቱ ወረቀት ሥር የሚፈረመው የኔ ስም ነው። አባቴ ቢኖር ኖሮ አንዱን ወረቀት ለምኖ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር ብዬ አስባለሁ። አላህ ይማረው።

የላክሻቸው ሽማግሌዎችም ደርሰውኛል። ሥራ ላይ ሳለሁ ብቅ ስል አጎቴ ሐምዱና ሼህ ሙሐመድሸሪፍ ከበሽተኞች መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የካርድ ክፍሏ ልጅ ለምርመራ የመጡ መስሏት ተራ ሰጥታቸው ኖሯል። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሥራዬን አስረክቤ፣ ማዶ ሻይ ቤት ወሰድኳቸው።

አጎቴ ሻዩ እስኪቀርብም አልጠበቁ። «እናትሽ ታማለች፤ ዛሬውኑ ከኛ ጋር ትመለሻለሽ» አሉኝ። ምኗን ብላቸው፣ እሳቸው «ደም ግፊቷን» ሲሉ ሼሁ ደግሞ እኩል «ጉልበቷን» አሉ። እኔም «ደም ግፊት ከሆነ መለኪያው እዚህ አለ፤ ጉልበትም ከሆነ ሐኪሙ እዚህ አለ። እሷን ይዛችሁልኝ ኑ» አልኳቸው። ሼህ ሙሐመድሸሪፍ ፂማቸውን ይዘው ፈገግታቸውን ደበቁ። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ተመለሺ አላሉኝም።

አጎቴ ግን ቀጠሉ። ሴት ልጅ ክብሯ በባሏ ቤት ነው አሉኝ። ባሌ ሻንጣዬን ተሸክሞ እንደሸኘኝ ነገርኳቸው። ይህ አልሆን ሲላቸው ወደ ግብሩ ገቡ። «ደሞስ ምን አተርፋለሁ ብለሽ ነው? ከፍ ባልሽ ቁጥር ግብሩ ጠቅላላውን ነው የሚበላብሽ። ይህንኑ ለእናትሽ በጊዜው መክሬያት ሰምታኛለች። እሷ ምክር የምትሰማ ሴት ናት» አሉኝ።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የታየኝ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ጨርቁ በደንብ ይሸጥልሽ ነበር። ደብረ ወርቅ ገበያው አፍ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍቺ ቀብድ ሰጥተሽ መጣሽ። ልጅ ብሆንም ትዝ ይለኛል፤ ያን ሰሞን ስትሠሪ ታንጎራጉሪ ነበር። ከዚያ ባንድ ሳምንት ውስጥ ነገሩ ቀረ። «ሁለት ሱቅ ከያዝኩ ደረጃዬን ከፍ ያደርጉትና የሁለቱንም ትርፍ ግብር ይበላዋል፤ የቆጡን ሳወርድ የብብቴን ልጥል አይደለም ወይ» አልሽን። ቀብዱ እንዳይባክን አጎቴ ከነበራቸው ሱቅ ሌላ ያንን ቤት በራሳቸው ስም ያዙት። «ወንድሜ ባይደርስልኝ ያ ሁሉ ብር ቀልጦ ቀርቶ ነበር» ስትይ፣ ስትመርቂያቸው፣ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የዚያን ጊዜ የግብር ገማቾች ያደረጉብሽ ልክ ነበር አልልሽም፤ ግምት በዛብኝ ማለት ሌላ ክርክር ነው፤ እሱን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ጸደንያን በኋላ ጠይቄያታለሁ። መዝገብ የያዘ ነጋዴም ትርፉ ሲጨምር የሚከፍለው እንደኔው ደመወዝ በየደረጃው ነው። ትርፍ ስለጨመረ ብቻ የድሮው ትርፍ ተመልሶ አይበላም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ይህን ሁሉ አላወቅኩም፤ ደመወዙን ብቻ ነበር የማውቀው። ቢሆንም አጎቴን አክብሬ ጠየቅኳቸው። «አጎቴ፣ ከፍ ያለ ሰው ጠቅላላው ይበላበታል ካሉ፣ እርስዎ በሁለት ሱቅ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው። ስኳር ጨምረው እያማሰሉ ነበር። ማማሰሉን ቀጠሉ። ሼህ ሙሐመድሸሪፍ ፊታቸውን ወደሳቸው አዞሩና መልሱን ከኔ እኩል ጠበቁ። በመጨረሻ ሼሁ «እንነሣ፣ መኪናው ያመልጠናል» ብለው ተነሡ። አጎቴ ሻዩን ሳይጠጡት ነው የሄዱት። ለዱዓ እንኳ እጃቸውን አላነሡልኝም፤ የመረቁኝ ሼሁ ናቸው።

እማዬ፣ ባንቺ ላይ ቂም የለኝም። ሰው የሚመክረው የተመከረውን ነው። ልጄ አጠገቤ ትሁን ማለትም ነውር አይደለም፤ እንዲያ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር፤ አልቅሼም ግን እሄድ ነበር። ከእንግዲህ ወዲያ ግን ሽማግሌ አትላኪብኝ። ቢላኩም ሻይ ጋብዤ እመልሳቸዋለሁ። «ይቅርብሽ» የሚለኝ ሰው ካለ ለምን እንደሆነ በግልጽ ይንገረኝ፤ ምክንያቱንም ሄጄ አጣራዋለሁ። እምቢታውን ከየት አመጣሽው ብለሽ ደግሞ እንዳትቆጪ። አባቴ ሲሞት ዘመዶቹ ሱቁን ሊዘጉት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመሽ «ልጆቼን በዚህ ነው የማሳድግ» ያልሻቸው አንቺ አይደለሽም ወይ? እኔ ቀሚስሽን ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ያን የመሰለ ድምፅ ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ ነው የማላውቀው።

ለኢናስም ይህን ንገሪያት፦ ነገ ሥራ ስትይዝ ማንም እየመጣ «ይህ ላንቺ አያዋጣም» ቢላት፣ እሺም እምቢም ከማለቷ በፊት «ቆይ ላስላው» ትበል።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ሙጀሂድ ይህን ሰጥቶሽ ሲመለስ አብረሽው ነይ። ሱቁን ኢናስና አክስቴ ይዩልሽ፤ ለጥቂት ቀን አይሞትም። ለጉልበትሽ ሐኪሙን አነጋግሬልሻለሁ፤ ደምሽን የማየው እኔ ራሴ ነኝ። መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ቁርስ ለመብላት ይቆማል። ውስጥ አትቀመጪ፤ ወርደሽ እግርሽን አፍታቺ። ቀብድ የሰጠሽበት ቤት ከገበያው አፍ ሩቅ አይደለም። እኔ ስመጣ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ጎኑ ያለውም ቤት ግድግዳው ፈርሶ ተቀላቅሎታል፤ ፊቱ በሙሉ መስተዋት ሆኗል፤ ሁለት ሠራተኛ ያሻሽጣል። በደንብ እዪውና ነይ። ምን አሰብሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

እስክንገናኝ አላህ በጤና ያቆይሽ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ፣ ንግድሽን በረካ ያድርግልሽ። ሰው ያስተወሽን ሁሉ እሱ በእጥፍ ይመልስልሽ። ዱዓሽ አይለየኝ፤ ከቤት ስወጣ ሳትመርቂኝ ቀርተሻልና፣ ያን ምርቃት ይዘሽልኝ ነይ።

እምቢ ያለችው፣
የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ